ሜዲል እንዴት ገባሁ

«የክፍል ውጤቴ አማካይ (ጂፒኤ) 3.9 ነው፤ በኮሌጅ መግቢያ ፈተናው በኤስኤቲ 1480 አምጥቻለሁ፤ ሜዲል የመግባት ዕድሌ ምን ያህል ነው?» እዚህ ከገባሁ ወዲህ ዋሽንግተን አጠገብ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም እየደወሉ ይህን የሚጠይቁኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ስልኩን ወላጆች ሲቀበሏቸው ደግሞ ጥያቄው ይቀየራል፦ «ለመሆኑ ጋዜጠኝነት እንጀራ ይሆናል?»

በቁጥሩ ልጀምር። ሜዲል የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ነው። ከቺካጎ በስተሰሜን፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ኢቫንስተን የምትባል ከተማ ውስጥ ይገኛል። የተከፈተው በ1921 ነው። የተሰየመው በጆሴፍ ሜዲል ነው፤ የቺካጎ ትሪቢዩን አዘጋጅ የነበረ፣ ከተማዋ በ1871 ከተቃጠለች በኋላም ከንቲባ የሆነ ሰው። ዩኒቨርሲቲው በቅርብ ዓመታት ከ100 አመልካቾች የተቀበለው 7 ወይም 8 ቢሆን ነው። ሜዲልን የሚፈልግ ደግሞ ገብቶ አይደለም የሚመርጠው፤ ማመልከቻው ላይ ነው። እንግዲህ የሚመለሱት ከ90 በላይ የሚሆኑት ሰነፎች አይደሉም። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ውጤታችሁ ደካማ ከሆነ ይጎዳችኋል። ጥሩ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ውጤት ካላቸው ሺዎች አንዱ ናችሁ፣ በቃ።

እኔ አሜሪካ የመጣሁት 7ኛ ክፍል ስደርስ ነው። የውጤት ወረቀቴ (ትራንስክሪፕቴ) ንጹሕ ነበር፤ አፍ የሚያስከፍት ግን አልነበረም። የኮሌጅ ደረጃ የሒሳብ ትምህርቱ፣ የኤፒ ካልኩለስ ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። ያስገባኝ የትምህርት ቤታችን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖርበት ሕንጻ ውስጥ ሐበሻ ሞልቷል። የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶች እማዬ ጋ ይመጣሉ፦ «እስቲ ይቺ ልጅ ታንብብልን።» ስደተኛ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሥራ ያውቀዋል። 11ኛ ክፍል እያለሁ ልብ ያልኩት ነገር፣ አንድ ፎቅ ላይ ላሉ፣ እኩል መኝታ ክፍል ላላቸው ቤቶች ጭማሪው የተለያየ መሆኑን ነው። ለጋዜጣችን ኃላፊ መምህር ስነግራቸው አልተደነቁም። «በምን አወቅሽ? ደብዳቤዎቹ የታሉ?» አሉኝ።

ደብዳቤ ልሰበስብ በየበሩ ማንኳኳት ጀመርኩ። ብዙ ሰው ፈራ። «ልጄ፣ ነገር አታምጪብን» ያለኝ አለ። ላይኛው ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ግን አስገቡኝ። ቡና አፈሉ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ስለ ኪራይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ የሚጠይቁኝ ስለ እናቴ እግር ሕመም ነበር። ሲኒው ከተነሳ በኋላ ከቁም ሳጥን ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ቤቱን ከተከራዩበት ዓመት ጀምሮ የመጣላቸው ደብዳቤ በሙሉ፣ በየዓመቱ ተለይቶ፣ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። «እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ግን ወረቀት አልጥልም» አሉኝ። ስማቸው እንዳይወጣ ተስማማንና ሁሉንም በስልኬ አነሳሁት።

ጊዜው የምንኖርበት የሜሪላንድ ወረዳ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ስለ ኪራይ ጣሪያ የሚከራከርበት የ2023 ጸደይ ነበር። የካውንቲው መቀመጫ ሮክቪል ድረስ ሄጄ የምክር ቤቱን (የካውንስሉን) ስብሰባ ተከታተልኩ። ለአከራዩ ድርጅት ጥያቄዎቼን በኢሜይል ላክሁ፤ መልስ የምጠብቅበትን ቀን ቆርጬ ጻፍኩላቸው። ሳይመልሱ ቀሩ፤ አለመመለሳቸውንም ዘገባው ውስጥ አስገባሁ። ካውንስሉ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሕጉን አጸደቀ፦ ጭማሪው የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ ሆነ፤ ቢበዛ ግን ከ6 በመቶ አያልፍም። የእኔ ጽሑፍ ሕግ አስወጣ አልልም፤ ያ ቀልድ ነው። ግን ማመልከቻዬ ላይ የምለው ነገር ሰጠኝ።

ማመልከቻው ላይ ብዙዎቻችን የምንሸወድበት ቦታ አለ። ኮመን አፕ የሚባለው፣ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ለእያንዳንዱ ከክፍል ውጭ ሥራ መግለጫ የሚሰጠው 150 ፊደል ብቻ ነው፤ ቃል አላልኩም፣ ፊደል። እዚያ ላይ «ለጋዜጠኝነት ጥልቅ ፍቅር አለኝ» ብሎ መጻፍ ቦታ ማባከን ነው። ምን ጠየቅሽ? የትኛውን ሰነድ አገኘሽ? የት ታተመ? ይኸው ነው።

650 ቃሉ ድርሰት ላይ ደግሞ የሚያውቀኝ ሁሉ የስደት ታሪኬን እንድጽፍ መክሮኝ ነበር። አውሮፕላን፣ በረዶ፣ ቋንቋ አለማወቅ... ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ገምጋሚው በቀን ስንት እንደዚህ እንደሚያነብ ገምቱ። እኔ ስለዚያ ፌስታል ጻፍኩ። ከየት እንደመጣሁ ራሱ ፌስታሉ ተናገረልኝ። በዚያ ዓመት ኖርዝዌስተርን በ300 ቃላት የሚጠይቀው የራሱ ጥያቄ ነበረው፦ ያደግሽበት አካባቢ እዚህ መጥተሽ ለምትሠሪው ምን ይሰጥሻል የሚል ዓይነት። እዚያ ላይ ተማሪዎች አንድ ኳርተር (የትምህርት ወቅት) ሙሉ ዜና ክፍል ገብተው የሚሠሩበትን የሜዲል ፕሮግራም አንስቼ፣ እዚያ ምን መዘገብ እንደምፈልግ በዝርዝር ጻፍኩ። ከድረ ገጻቸው የተገለበጠ ውዳሴ ለራሳቸው መልሶ መላክ ምንም አይጠቅምም።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ኤ የሰጣችሁን መምህር ብቻ አትፈልጉ። ረቂቃችሁን በቀይ እስክሪብቶ ያጠፋውን፣ እናንተም መልሳችሁ የጻፋችሁለትን ጠይቁ። እሱ የሚጽፈው ነገር አለው።

አሁን ወደ ገንዘቡ፤ ወላጆች እዚህ ጋ ጠጋ በሉ። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ኖቬምበር 1 የሚገባው ማመልከቻ ነው፤ ከተቀበሏችሁ የግድ ትገባላችሁ ማለት ነው። ኖርዝዌስተርን ከአዲስ ገቢዎቹ ከግማሽ በላይ የሚይዘው በዚህ መንገድ ስለሆነ ዕድሉ ከመደበኛው ይሰፋል። ከዚያ ውስጥ ቀድመው የተመለመሉ ስፖርተኞች እንዳሉበት ግን አትርሱ። ከመፈረማችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ቁጭ ብላችሁ ሙሉ። እማዬ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፤ ማስያው ያወጣው ቁጥር ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ነበር። ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ የቤተሰቡ አቅም የማይሸፍነውን ሙሉ በሙሉ እችላለሁ ይላል፤ ድጎማውም ብድር የለበትም።

ወላጆቻችሁ ተለያይተው የሚኖሩ ከሆነ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የድጎማ ማመልከቻ የሁለቱንም ገቢ ሊጠይቅ ይችላል። አባቴ አዲስ አበባ ነው። የደመወዝ ደብዳቤው ማኅተም እስኪያርፍበት፣ ከዚያ እስኪተረጎም ድረስ ሳምንታት ፈጀ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን መቼም ታውቁታላችሁ። በሴፕቴምበር ጀምሩት። በዚያ ዓመት የፌዴራል መንግሥቱ የድጎማ ማመልከቻ፣ ፋፍሳ ራሱ የተከፈተው በዲሴምበር መጨረሻ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ለፋፍሳ ያቆዩ ቤተሰቦች ተጨናንቀዋል።

እማዬ ጋዜጠኝነት የሚለውን ቃል ስትሰማ መጀመሪያ የታያት እስር ቤት ነው። አገራችን ውስጥ ስንት ጋዜጠኛ እንደታሰረ እያየች የኖረች ሰው ናትና አልፈርድባትም። እስካሁን ሰው ምን ትማራለች ብሎ ሲጠይቃት «ኮሚዩኒኬሽን» ነው የምትለው።

ባይሳካልኝ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ሜሪል ኮሌጅ እገባ ነበር፤ ቅር ብሎኝም አልነበረም። በጋዜጠኝነት ስሙ የታወቀ ነው፣ ለነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል፣ ዋሽንግተን ደግሞ በሜትሮ ትደረሳለች። ከሩቅ ግዛት የታወቀ ስም ያለው ትምህርት ቤት ተቀብሏችሁ ልዩነቱን በብድር ሙሉ ካላችሁ ኮሌጅ ፓርክ ይሻላል ባይ ነኝ። እዚህ ላይ ከእማዬ ጋር ተስማምተናል፤ በሌላው ገና እየተከራከርን ነው።