ሸኙን ወይስ ተቀበሉን?

ኢሜይሉ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ጭር ትላለች። ግማሹ ሰው በርጫ ላይ ነው፣ ግማሹ ጥላ ፈልጎ ጋደም ብሏል። እኛ ግን የቡና መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ የቡና ናሙና ከላክንላቸው የጃፓን ገዢዎች መልስ እየጠበቅን ነበር። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «እ? ምን አሉ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ «ናሙናውን አይተውታል፤ ውሉን ሊልኩልን ነው» አልኩት።

ጃፓኖቹ ያሉት ግን «ይቅርብን» ነበር።

ጃፓንኛ የተማርኩት እዚያው ጃፓን ነው። በመንግሥታቸው ስኮላርሺፕ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪዬን በግብርና ሠራሁ። ዋናው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። ቋንቋውን ግን ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪዎች በሚሰጠው ክፍል ከዜሮ ጀምሬ እስከ መካከለኛው ደረጃ ደረስኩ። እነሱ «ቹኪዩ» ይሉታል። የብቃት ፈተናው አምስት ደረጃ አለው፣ እኔ መሐል ላይ ያለውን ሦስተኛውን አለፍኩ። ያ ደረጃ ራሱ ድሮ አልነበረም። ከታችኛው ወደ ላይኛው መዝለል ለተማሪው በጣም ስለሰፋበት እ.ኤ.አ. በ2010 መሐል ላይ የገባ ነው። እውነትም ሰፊ ነው። ጀማሪ ሳለህ እንደማታውቅ ታውቃለህ፣ ሁሉንም ትጠይቃለህ። መሐል ስትደርስ ብዙው ነገር ይገባሃል፣ መጠየቅ ትተዋለህ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጃፓንኛ ደስ የሚል ነገር አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እንደኛው። «ትናንት የገዛሁት ቡና» ስንል ገላጩ ከስሙ እንደሚቀድም ሁሉ እነሱም እንዲሁ ናቸው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ በዚህ ሲሰቃዩ እኔ ዘና ብዬ ነበር የምማረው። «አንተ» ለማለት ደግሞ «አናታ» የሚል ቃል አላቸው። መጀመሪያ ስሰማው የአገሬ ሰው የጠራኝ መሰለኝ። ግን ትልቅ ሰውን «አናታ» ማለት ነውር ነው፤ በስሙ ላይ «ሳን» ጨምረህ ነው የምትጠራው። ድሬ ላይ አባትህንም «አንተ» እያልክ አድገህ ይህን መልመድ ቀላል አይደለም። አክብሮቱ የተውላጠ ስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌላውን ከፍ የሚያደርግ ግስ አለ፣ ራስን ዝቅ የሚያደርግ ግስ ለብቻው አለ። «መብላት» እንኳ እንግዳው ሲበላ ሌላ ቃል ነው፣ እኔ ስበላ ሌላ።

ኢሜይሉ የተጻፈው በዚህ ራስን ዝቅ በሚያደርገው ነው። ቁልፉ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ እንዲህ ነው፦ «ኮንካይ ዋ ሚኦኩራሴቴ ኢታዳኪማስ።»

«ኮንካይ» የአሁኑ ዙር ማለት ነው፣ ይህን አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ያለው «ሴቴ ኢታዳኪማስ» ደግሞ «እንዲህ እንድናደርግ ይፈቀድልን» የሚል የትሕትና አባባል ነው፣ ክፍል ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሠርተንበታል። የቀረው መሐሉ ላይ ያለው ግስ ነው። በሁለት የቻይና ፊደል ተጽፏል። የመጀመሪያው «ማየት»፣ ሁለተኛው «መላክ»። ሁለቱንም ለየብቻቸው በደንብ አውቃቸዋለሁ። ገጠምኳቸው፣ «አይቶ መላክ» ሆነልኝ። ምኑን ነው የሚልኩት? አልተጻፈም። የኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ላይ ይዞ ይዞራል፤ የጃፓንኛ ግስ ግን ማን እንደሆነም ምን እንደሆነም ሳይናገር ያልፋል፣ አንባቢው ነው የሚሞላው። እኔም «ውሉን» ብዬ ሞላሁት።

አንድ ነገር ደግሞ የበለጠ አሳሳተኝ። አፍራሽ ቃል ፈለግኩ። የኛ «አል…ም» እነሱ ዘንድ «ናይ» ወይም «ማሴን» ነው። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ አንድም የለም። እንዲያውም መዝጊያው «ሌላ አጋጣሚ ቢኖር በድጋሚ እንድታስቡን» ይላል። ይህን ሁሉ አይቼ «አይሆንም ቢሉ ኖሮ የሆነ ቦታ ላይ ይሉት ነበር» አልኩ። የብቃት ፈተናው ምርጫ ነው፣ ትክክለኛው መልስ ከተሰጡህ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ። ኢሜይል ምርጫ አይሰጥህም።

አለቃዬ በኔ ቃል ተማምኖ 320 ጆንያ ለየ። ባለ 60 ኪሎው ጆንያ በዚህ ቁጥር አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሞላል። ለቃሚዎቹ ሴቶች ሰባራውንና ጥቁሩን ፍሬ በድጋሚ እንዲያወጡ ተጨማሪ ቀን ተከፈላቸው። በዚያው ሳምንት አንድ የሳዑዲ ገዢ ያንኑ ቡና ጠየቀ። እነሱ አገር የሐረር ቡና ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። አለቃዬ «ተይዟል» ብሎ መለሰው።

አሥራ ስድስት ቀን ጠበቅን። ውል የለም። በመጨረሻ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ስለ ውሉ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቃ ያንኑ ቃል በአፏ ደገመችው። «ሚኦኩሪ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁት። ወዲያው ታወቀኝ።

ቃሉን በጆሮ አውቀው ነበር። ክፍል ውስጥ የተማርነው ምሳሌ «ጓደኛዬን ጣቢያ ድረስ ሄጄ ሸኘሁት» የሚል ነው። ስማረው የታየኝ የኛው የምድር ባቡር ጣቢያ ነበር፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ ስንቱን ተቀብላ ስንቱን ሸኝታለች። «ሚኦኩሩ» መሸኘት ነው። በዓይን እየተከተሉ መላክ። ደግሞ የመጣ አውቶቡስ ሳይሳፈሩበት ሲያልፍ ማየትም «ሚኦኩሩ» ነው። ከዚያ ተነስቶ በንግድ ቋንቋ «የአሁኑ ይለፈን» ሆኗል። እኛስ? «መጣ፣ አነጋገርነው፣ ሸኘነው» አንልም? በዓይን ፊደሉን ስቆራርጥ በጆሮዬ የማውቀውን ቃል አጣሁት።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ግን ያልተማርኩትን አንድ ነገር አደረግኩ፤ ምን እንዳሳሰባቸው ጠየቅኩ። ያለ ምንም ማለባበስ ነገረችኝ። ከናሙናው ጋር የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ ውጤት አልተያያዘም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር። በጊዜው ጆንያው ራሱ ተጠርጥሯል። እነሱ ያንን አልረሱም። እኛ ወረቀቱን አሠርተን መላክ እንችል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ለአለቃዬ መንገር ከባድ ነበር። ሳዑዲው ከሌላ ቦታ ገዝቷል፣ ዋጋም ወርዷል። ጮኸብኝ ብል ውሸት ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ለምን ‹እዚህች ጋ እርግጠኛ አይደለሁም› አላልከኝም? ሰው እንጠይቅ ነበር እኮ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም ያን ቀን እርግጠኛ ነበርኩ።

ማታውን ለድሮ አስተማሪዬ ጻፍኩላት። ጃፓኖች «አይሆንም» ሳይሉ አይሆንም የሚሉባቸውን ቃላት ላከችልኝ። «ትንሽ ይከብዳል» ካሉ አይሆንም ነው። «እናጤነዋለን» ካሉ ብዙ ጊዜ አይሆንም ነው። «ቾቶ…»፣ ማለትም «ትንሽ…» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ካልጨረሱት አለቀ። ሳነበው አዘንኩ፣ ምክንያቱም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። «እስቲ እናያለን» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ቀፊራ ገበያ ያለ ልጅ እንኳ ያውቃል። በአማርኛ የምሰማበትን ጆሮ ወደ ጃፓንኛው ይዤው አልሄድኩም።

አሁን ከጃፓን መልስ ሲመጣ ወዲያው አልተረጉምም። መጀመሪያ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ። ያልተጻፈውን ባለቤትና ተሳቢ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። የተጠራጠርኩት ካለ ለገዢው መልሼ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ይፈጃል። አለቃዬም ለምዶታል። ባለፈው ጊዜ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ አንብቤ እስክጨርስ ዝም አለ፣ ከዚያ «እህ? ሸኙን ወይስ ተቀበሉን?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት። «አንድ ቃል ልጠይቃቸው።»

«ጠይቃቸው፣ ጠይቃቸው» ብሎ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ።