መሪዋ በየት በኩል ነው?

ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ የጋራዣችን የቆየ ደንበኛ። ክረምት ከበጋ ከጅማ ጌራ የሚመላለሱት በአሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ነው። ያን ሰሞን ሞተሯን አውርደን ነበር። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌላት፣ በኤሌክትሮኒክስ ያልተወሳሰበች። እንዲህ ያለ ሞተር ስፈታ ደስ ይለኛል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን ሐጂን አስደንግጧቸዋል።

እንግሊዝ አገር የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ለእረፍት መጥቶ ነበርና አብሯቸው ጋራዥ ገባ። ሰላምታ ሳንጨርስ ስልኩን ዘረጋልኝ። ፎቶው ላይ አንዲት አረንጓዴ ላንድሮቨር ዲፌንደር ቆማለች። ታጥባ ተወልውላለች። ጎማዎቿ አዲስ ናቸው።

«ለአጎቴ ይቺን ነው የማመጣለት። እዚያ ዋጋዋ ምንም ማለት አይደለም። እዚህ የሚያስወድዱት ደላሎች ናቸው» አለኝ።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ፎቶውን አጎላሁት። «መሪዋ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ። ምን ችግር አለው?»

ችግሩማ እዚህ አገር የቀኝ መሪ መኪና ማስገባት አይፈቀድም። እኛ ቀኝ ይዘን ነው የምንነዳው፤ መሪው በግራ መሆን አለበት። ኬንያ ግራ ይዘው ስለሚነዱ የጃፓን አሮጌ መኪና እንዳለ ሞምባሳ ይራገፍላቸዋል። ለእኛ ያ በር ገና ከጅምሩ ዝግ ነው። ጃፓንና እንግሊዝ ከወጡ ደግሞ ምርጫው በጣም ይጠባል።

«መሪ ይዞራላ! አንተ መካኒክ አይደለህ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው፣ መኪናዋ ከስር የተነሳችው ፎቶ እንዳለው ጠየቅሁት። ነበረው። የዲፌንደር ገላዋ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲዋ፣ ገላውን የሚሸከመው አጽም፣ ግን ብረት ነው። እንግሊዞች በብርድ ጊዜ በረዶ እንዲሟሟ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። ያ ጨው ከስር ገብቶ ሻንሲውን ይበላዋል። ፎቶውን አጉልቼ የኋላውን አግዳሚ አሳየሁት። መዳፍ የምታህል ላሜራ ተበይዳ ጥቁር ቀለም ተቀብታለች። ከብየዳው አጠገብ ቀለሙ አብጦ ተነስቷል። ከስሩ ዝገት አለ ማለት ነው። ይህን ሻንሲ ይዞ የጌራን ጭቃ መግባት ለሐጂ የሚመኙት ነገር አይደለም።

«እሺ፣ የግራ መሪ ፈልጌ እገዛለሁ» አለ። ይቻላል። ግን ርካሽ አይደለም። የድሮዋ ዲፌንደር እንግሊዝ ሶሊሀል ውስጥ መሠራቷ በፈረንጆች ጥር 2016 አብቅቷል። አሁን ያሉት ያሉት ብቻ ናቸው። አሜሪካ ደግሞ በራሷ የደህንነት መስፈርት ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ካልሞላው አታስገባም። ዲፌንደር እዚያ በይፋ የተሸጠችው በፈረንጆች 1990ዎቹ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ያለች የግራ መሪ ዲፌንደር 25 ዓመቷን ስትደፍን የአሜሪካ የመኪና ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። ለጭቃ የተሠራች መኪና፣ ጭቃ የማያውቅ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና ትቆማለች። ይህ እውነት ያናድደኛል።

የመጨረሻው የታክሱ ነገር ነበር። የፊልትሮ ካርቶን ቀድጄ በእስክሪብቶ ጻፍኩለት። «መኪናዋ ጂቡቲ እስክትደርስ 100 ብር ወጣባት እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን ለጊዜው ተወው። በ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የሞተሯ መጠን ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነች አዲስ መኪና 100 በመቶ ትከፍላለች። 200 ሆነች። በዚያ ላይ ቫት 15 በመቶ፣ 230። በጠቅላላው ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ 253። ከ7 ዓመት በላይ ለቆየች አሮጌ ግን ኤክሳይሱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በእሱ አስላው፤ ያቺው 100 ብር 759 ትሆናለች። ቀረጡ ሲጨመር ደግሞ ሁሉም ከፍ ይላል፤ አንዱ የሚሰላው በሌላው ላይ ነዋ። ደላላው ገና አልመጣም።»

ካርቶኑን አየው፤ አልነካውም። ወደ አጎቱ ዞረና በፊቴ እንዲህ አለ፦ «ይሄ ሰውዬ አሮጌዋን እንዳትሸጥ ፈልጎ ነው። መኪናህ ከተሸጠች እንጀራው ይቋረጣል።»

ሠራተኞቹ ቁልፍ ማስተካከሉን ተዉት። እኔ ደንበኛ ለማቆየት ብዬ ሰው አላታለልኩም። ይህን ሐጂም ያውቃሉ። መኪናዋ መሸጥ በነበረባት ጊዜ «ሽጧት» ያልኳቸው እኔው ነበርኩ፤ እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ መናገር እችል ነበር። ሽማግሌው በመካከላችን ቆመው ስላየኋቸው ዋጥኩት።

ሐጂ ካርቶኑን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። «ልጄ፣ አትቀየም፤ አዲስ አበባ የማውቀው፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር አለ፣ እሱን ልጠይቅ» አሉኝ። በማግስቱ ደወሉ። ትራንዚተሩ የእኔኑ ሒሳብ ቀረጡን ጨምሮ፣ ባንክ ዶላር ለማግኘት ያለውንም ወረፋ ነግሯቸዋል። «ሞተሯን ሥራት» አሉኝ። ሠራኋት። እስካሁን ጌራ ትመላለሳለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ባሰ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላሩ ወደ ላይ ተተኮሰ። አገር ውስጥ ያለች ጠንካራ የመስክ መኪና ያለችው ሰው አጥብቆ ያዛት። እኔም አልፈርድበትም።

ባለፈው የሐጂ የእህት ልጅ ከእንግሊዝ ደወለልኝ። ስለዚያ ቀን አላነሳም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሃርድ ቶፖቹን በጨረታ ሊሸጥ ነው፤ የመነሻ ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ አጎቱን ወክዬ ገብቼ እንድጫረትለት ፈለገ።

«ቀረጧ ተከፍሏል?» አልኩት።

«የቆየ መኪና ነው እኮ፣ አገር ውስጥ ያለ!»

ድርጅቶች መኪና የሚያስገቡት ከቀረጥ ነጻ ነው። መብቱ ለሌለው ሰው ሲሸጥ ያ ነጻነት አብሮ አይሸጥም። ማስታወቂያውን እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ላከልኝ። ከሥር በትንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ቀረጥና ታክሱን የሚከፍለው ገዢው ነው።