ናርጋ ሥላሴ፦ እቴጌዋ ከሥዕሉ ግርጌ

ከባሕር ዳር ተነሥተን ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለችው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ በጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ከሩቅ ሲታይ፣ ሴት ስለማይገባበት፣ አብረውን የነበሩት ሁለት እኅቶች ከጀልባው ላይ ሆነው ተሳለሙት። ናርጋ ግን ለሁላችንም ክፍት ናት።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ የቆመው አራት ማዕዘን መቅደስ ግድግዳው በሥዕል ተሸፍኗል። እኔን ያመጣኝ አንዱ ነው፦ ደብሩን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጇን በታቀፈችው እመቤታችን እግር ሥር።

«አባ፣ እዚህ የተኙት እሳቸው ናቸው?» አልኳቸው የሚያስጎበኙንን ቄስ።

«ተኝተው አይደለም ልጄ፣ ሰግደው ነው።»

አፈርኩ። ዓይኔ ግን ከስግደቱ ይልቅ ልብሱ ላይ ቀረ። መሬት ላይ ለሚወድቅ ሰው የማይሆን፣ ያጌጠ የቤተ መንግሥት ልብስ! በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ እሳቸውም ዘውድ ደፍተዋል፤ ሲወድቁም እንደ ንግሥት ነው የወደቁት። ተራ ነጠላ አጣፍተው ቢሣሉ ኖሮ ማን ይለያቸው ነበር? ደግሞ ከግርጌ መሆን ራሱ ብልሃት አለበት፤ እመቤታችንን ሊሳለም ጎንበስ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እቴጌዋን ነው። ይህን ለቄሱ አልነገርኳቸውም።

ያንን ልብስ በቀለም የለፋበት ሠዓሊስ? የድሮ ሠዓሊዎቻችን አብዛኞቹ ስማቸውን አይጽፉም ነበር። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ ዳጋ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ማኖሩ እስከ ዛሬ የሚወራለት ለዚህ ነው።

በእቴጌዋ ለመፍረድ ግን አፌ አልደፈረም። እኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ የሰጪው ቤተሰብ ስም እስከ ልጅ ልጅ ስለተጻፈበት ቁጥሮቹን ለማየት ያስቸግራል። ምንትዋብ ቢያንስ ሰግደዋል።

ስንወጣ ለጧፍና ለዕጣን የምትሆን ትንሽ ብር ሰጠሁ። ቄሱ ለጸሎት ብለው ስመ ክርስትናዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጀልባ ነጂው ማዕበል ሳይነሣ እንሂድ እያለ ይጣራል። እኔ ግን ስሜን ደብተራቸው ላይ እስኪጽፉት ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ።