ማዕዘኑን በሜትር መለካት

በድሬዳዋ ከዚራ የሚገኘውን የእናቴን ቤት ኩሽና ባለፈው ዓመት ስናድስ፣ ከቀለሙም ከቧንቧውም ከካቢኔቱም ይበልጥ ያደከመን፣ ሁለቱ የግራናይት ገጾች ማዕዘኑ ላይ የሚጋጠሙበት፣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መስመር ነበር። ይህን የምጽፈው፣ ብዙ ሰው ግራናይት ሲያሠራ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው አብዝቶ እየጠየቀ፣ ስለ መጋጠሚያው ግን ድንጋዩ ተቆርጦ ቤት እስኪገባ ድረስ አንድም ጥያቄ ሳያነሳ እንደሚቀር ስላየሁ ነው፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

ኩሽናው የኤል ቅርጽ አለው። አንደኛው ግድግዳ 2 ሜትር ከ60፣ ሁለተኛው 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል፤ የግራናይቱ ስፋት 60፣ ውፍረቱ ደግሞ 2 ሴንቲሜትር ነው። በመጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ የሁለቱን ግድግዳዎች ርዝመት ለክቶ፣ ሁለት ቁጥር ደብተሩ ላይ ጽፎ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ድንጋዮቹ መጡ። ረጅሙ ቦታውን ያዘ፤ አጭሩ ግን ጀርባው ግድግዳውን ሲነካ ከረጅሙ ጋር የተገናኘው በግድግዳው በኩል ብቻ ሆነና፣ ክፍተቱ ወደ ፊት እየሰፋ ሄዶ ሰው በሚቆምበት በኩል አውራ ጣት የሚያስገባ ሆነ። ይህን ለመዝጋት ድንጋዩ ሲገፋ ደግሞ ሌላኛው ጫፉ ከግድግዳው 5 ሴንቲሜትር ያህል ራቀ። በመጨረሻ ሠራተኛው ክፍተቱን በነጭ ሲሚንቶ ሞልቶ ሂሳቡን ተቀበለ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ነጩ ሲሚንቶ ዘይትና የበርበሬ ቀለም ጠጥቶ ቀላ፣ ቀጥሎም ጠቆረ፤ ከዚያም ከድንጋዩ ጠርዝ እየተላቀቀ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ። እናቴ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ውኃው በዚያች ስንጥቅ እየወረደ ከሥር ያለውን ካቢኔት ያርስ ነበር፤ ካቢኔቱ የተሠራው ከችፑድ ነው፣ ችፑድ ደግሞ አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። የማዕዘኑ ካቢኔት በር አልዘጋ ሲል ነው ሥራውን እንደ አዲስ ለማሠራት የወሰንነው።

ሁለተኛው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ገና ከመግባታቸው፣ በድሬ ልማድ እናቴን «አንቺ» እያሉ፣ «አቦ፣ ድንጋዩ ምን አጠፋ? ግድግዳሽ እኮ ተከፍቷል» አሏት። ከዚያም ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ልኬት አሳዩን። ከማዕዘኑ ተነሥተው በአንደኛው ግድግዳ ላይ 60 ሴንቲሜትር፣ በሌላኛው ላይ 80 ሴንቲሜትር ለክተው በእርሳስ ምልክት አደረጉና፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ያዙት። ማዕዘኑ ትክክለኛ 90 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ርቀቱ 100 ሴንቲሜትር ይሆን ነበር፤ የእኛ 102 ሆነ። ሁለት ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ማዕዘኑ ከ92 ዲግሪ በላይ ተከፍቷል ማለት ነው። በ60 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ 1 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ስለሚፈጥር፣ ያ አውራ ጣት የሚያስገባው ቦታ ከየት እንደመጣ ወዲያው ተገለጠልን። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በቀጥተኛ መንገዶች የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ቀጥ ማለቱ፣ ልስን በልስን ላይ ሲደረብበት የኖረው የቤቱ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን አያረጋግጥም።

ቀጥሎ የተነጋገርነው መጋጠሚያው በየት በኩል ይሂድ በሚለው ላይ ነበር። እኔ በፎቶግራፍ እንዳየሁት፣ ከውስጠኛው ማዕዘን ወደ ውጨኛው በሰያፍ የሚሄደው 45 ዲግሪ ያምረኝ ነበር። ባለሙያው አልተስማሙም፤ ምክንያታቸውን ከሰማሁ በኋላ እኔም ሐሳቤን ለወጥኩ። የሰያፉ መስመር ወደ 85 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ ቀጥታው ግን 60 ብቻ ነው፤ መስመሩ በረዘመ መጠን የማዕዘኑ ስሕተትም አብሮ ይሰፋል። ሁለቱም ድንጋዮች በ45 ዲግሪ ቢቆረጡ በእኛ ግድግዳ ላይ ክፍተቱ ከ3 ሴንቲሜትር ያልፍ ነበር። ከዚህም በላይ በሰያፍ የተቆረጠ ግራናይት ጫፉ ቀጭንና ሹል ስለሚሆን ከመኪና ሲወርድ ወይም በበር ሲገባ ይሸረፋል። ስለዚህ ረጅሙ ድንጋይ እስከ ማዕዘኑ ድረስ እንዲገባ፣ አጭሩ ደግሞ ጫፉ በግድግዳው ልክ ተቆርጦ ከረጅሙ የፊት ጠርዝ ጋር እንዲጋጠም ወሰንን። ቀጥታው መጋጠሚያ ለእንደኛ ዓይነት ቤት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናቴ «ለምን ከአንድ ድንጋይ በኤል ቅርጽ አይቆረጥም?» ብላ ጠይቃ ነበር። ከሐረር በስተምሥራቅ ወደ ባቢሌ የሄደ ሰው፣ እርስ በርስ ተደራርበው የቆሙትን የግራናይት ቋጥኞች አይቶ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ከላይ የሚጫነውን ክብደት ለብዙ ዘመን ይችላል። በቀጭኑ ተሰንጥቆ ሲታጠፍ ግን አንደኛው ገጹ ስለሚጎተት ዐቅም የለውም፤ ግራናይት ሲጫኑት የሚችለው ኃይል፣ ሲጎትቱት ከሚችለው ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የኤል ቅርጽ ያለው ድንጋይ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሡት ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በውስጠኛው ማዕዘን ላይ ስለሆነ፣ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። የሲንኩ ቀዳዳ አራቱ ማዕዘኖች ሹል ሳይሆኑ ክብ ተደርገው መቆረጥ ያለባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጋጠሚያውም ከዚያ ቀዳዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት።

ባለሙያው ቁጥር ይዘው አልሄዱም። ቀጭን ኮምፔርሳቶ በመዳፍ ስፋት ሰንጥቀው፣ ቁራጮቹን በካቢኔቱ ላይ ግድግዳውን ተከትለው ደርድረው፣ እዚያው በኮላና በአጫጭር ምስማር አያያዟቸው። ልስኑ ያበጠበት ቦታ ኮምፔርሳቶው በምላጭ ተላገ። መጋጠሚያው የሚያርፍበት መስመርም በላዩ ላይ በእርሳስ ተሰመረ። ድንጋዩ የተቆረጠው በዚህ ልክ ነው። የፊት ጠርዙን በማለስለስ ረገድ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የረጅሙ ድንጋይ ጠርዝ አጭሩ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ክብ መደረግ የለበትም፤ ክብ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ዘላለም ቆሻሻ የሚይዝ ቦይ ይቀራል። አሮጌው ድንጋያችን ላይ ይህም ስሕተት ነበረበት።

ቆረጣው ግቢ ውስጥ በግራይንደር ሲከናወን ረዳቱ ዲስኩ ላይ ያለማቋረጥ ውኃ ያፈስ ነበር። በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ነጭ አቧራ ሲሊካ ያለበት ስለሆነ ሳንባን ይጎዳል፤ ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ በደረቁ ሲቆርጡ ካያችሁ እባካችሁ አስቁሟቸው።

የ2 ሴንቲሜትር ግራናይት አንድ ካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ረጅሙ ድንጋያችን ብቻውን 80 ኪሎ ያልፋል። የማዕዘኑ ካቢኔት ግን ውስጡ ባዶ ስለሚሆን፣ መጋጠሚያው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ምንም ድጋፍ በሌለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ልክ ከመስመሩ ሥር ከግድግዳው እስከ ካቢኔቱ ፊት የሚደርስ የብረት ቱቦ ገባ፤ ካቢኔቶቹም በውኃ ልክ ተስተካከሉ። አንዱ ካቢኔት ከሌላው በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ቢል እንኳ መጋጠሚያው ላይ እጅ የሚይዝ ደረጃ ይወጣል።

ማጣበቂያው ማጠንከሪያው ለብቻ የሚመጣ ዓይነት ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ስለሆነና ሙቀት ሲጨምር ማጣበቂያው ፈጥኖ ስለሚጠጥር፣ ባለሙያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጀመሩ። በሁለቱ ጠርዞች ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ የሻይ ማንኪያ በሚያህል መጠን እየበጠበጡ፣ ከድንጋዩ ቀለም ጋር እስኪመሳሰል ጥቁርና ግራጫ ቀለም እየጨመሩ፣ 2 ሚሊሜትር የማይሞላውን ክፍተት አፉ ድረስ ሞሉት። ሙሉ በሙሉ ከመጠጠሩ በፊት ፕላስተሩን አነሡ፤ ከጠጠረ በኋላ ደግሞ የተረፈውን በምላጭ አጋድመው ላጩት። የግድግዳው ዳር ግን በሲልከን ብቻ ተዘጋ፤ ግድግዳና ድንጋይ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ እዚያ ጠጣር ነገር ቢገባ ይሰነጠቃል።

ኮምፔርሳቶው አሁንም ከኩሽናው በር ጀርባ ቆሟል። የግቢ ጎረቤታችን፣ ቤቶቻችን በአንድ ፕላን የተሠሩ ስለሆኑ፣ ለራሱ ኩሽና ሊዋሰው መጥቶ ነበር። እኔም ሜትርና እርሳስ ይዤ አብሬው ሄድኩ፤ 60 እና 80 ለካን፣ ምልክት አደረግን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 98 ሴንቲሜትር ከግማሽ ሆነ። የእሱ ማዕዘን እንደ እኛው አልተከፈተም፣ ተዘግቷል፤ ክፍተቱ የሚወጣውም በፊት ሳይሆን በግድግዳው በኩል ነው።