እግዚአብሔር በትንሽ ወፍ አነቃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው የእናቴ ስለት ስለሆነ ነው። «የልጄ ልጅ በሰላም ክርስትና ከተነሣች የተደረገልንን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብላ ለኪዳነ ምሕረት ተስላ ነበር። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ፣ በጥቅምት፣ በጽጌ ወር ተጠመቀች። እማዬም በድግሱ መሀል ተነሥታ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ተናገረች። መጻፉን ግን ለእኔ ተወችልኝ።

የምንኖረው እንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ቤታችን ወፍ የማይጠፋው በተማሪዎቼ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ክንፏን የተመታች ዋኖስ አስታምሜ ስለቃት አዩኝ። ከዚያ ወዲህ የወደቀ ወፍ ባገኙ ቁጥር «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ በራችንን ያንኳኳሉ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጎጆአቸውን ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥሉት ቢጫዎቹ ወፎች ጫጩት የሚፈለፍሉት በዝናቡ ወራት ነው። በረዶ ሲመታው ጎጆው ከነጫጩቱ ይወርዳል። ካርቶን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የተቀቀለ አስኳል በስቴኪኒ ጫፍ እያጎረስኩ አሳድጋቸዋለሁ። አንዳንዱ ሳይነጋ ይሞታል። የዳነውን እለቀዋለሁ።

ሎሚን ግን መልቀቅ አልቻልኩም። መንገድ ዳር አንድ ልጅ እግሯን በሲባጎ አስሮ ሲሸጣት አግኝቼ ነው የገዛኋት። የቀኝ ክንፏ ተሰብሮ ጠሞ ገጥሟል፤ ከወንበር እስከ ጠረጴዛ እንኳን በቅጡ አትበርም። ስሟን ያወጡላት ተማሪዎቼ ናቸው፤ አረንጓዴ ስለሆነች። በቀቀን ናት። ጭራዋ አጭር፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ክንፏ ከሥሩ ጥቁር። ይህ ዓይነቱ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዱር አይገኝም። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ የሎሚ አረንጓዴ ስለሆነ ሴት መሆኗን ያወቅነው በዚያ ነው።

ሎሚ ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች። መጀመሪያ ላባዋን ታራግፋለች፣ ከዚያ ትጮሃለች፣ እስክመልስላትም ዝም አትልም። ሱፍ ስሰጣት አንዷን ፍሬ በምላሷ እያገላበጠች ልጣጯን በምንቃሯ ትፈለቅቃለች። ልጣጩ ከሁለት ተከፍሎ ሲወድቅ ፍሬው ገና አፏ ውስጥ ነው። ቆሜ ሳያት ሰዓት ይሄድብኛል። ዳጉሳ ትወዳለች፤ የጽድና የሾላ ፍሬ ሲገኝማ በዓሏ ነው። በዱር ያሉት ዘመዶቿ የሚያድሩት በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ስለዚህ የሽቦ ቤቷ ውስጥ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አንጠልጥዬላታለሁ፤ ማታ ማታ እሱ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ይህን ቆርቆሮ ልብ በሉልኝ።

ለእሷ ስል ብዙ አንብቤአለሁ። ወፍ እንደ እኛ አይተነፍስም። ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ አየሩም በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሰውነቱ ትንሽ፣ ልቡ ፈጣን ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው ነገር ከእኛ ቀድሞ እሱ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሎሚ ከነቤቷ ወደ በረንዳ ትወጣለች። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን ከጋለ የሚወጣው ነገር ወፍ ይገድላል፤ አቮካዶም መርዟ ነው። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ለወፍ ይኼ ሁሉ?» ትል ነበር። ኋላ ግን የቡና ማንከሽከሻውን ስታነሣ «ወፏን አውጫት እንጂ!» የምትለኝ እሷ ሆነች።

ክረምት ለእኔ ከባድ ወቅት ነው። አባቴን የቀበርነው በሐምሌ ጭቃ ነው። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የዝናብ ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ቀኑ ጨለማ ነው፣ ከአልጋ ለመነሣት ምክንያት አጣለሁ። ከአልጋ ያነሡኝ የነበሩት ወፎቹ ናቸው። የተራበ ጫጩት ነገ ይደርሳል አይባልም። ሌላው ያጽናናኝ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በነሐሴ ዕጕለ ቋዓት የሚባል ክፍል አለው፤ የቁራ ጫጩቶች የሚታሰቡበት። መዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር ለሚጠሩት ለቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን እንደሚሰጥ ይናገራል። መምህራን ሲያስተምሩ፣ ጫጩቱ ሲፈለፈል መልኩ እናትና አባቱን ስለማይመስል ጥለውት ይሄዳሉ፣ እግዚአብሔር ግን ትንኝና ዝንብ ወደ አፉ እየላከ ይመግበዋል ይላሉ። ይህን ትምህርት በሰማሁ ቁጥር ካርቶኔ ውስጥ ያሉት አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት ይታዩኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ታናሽ እህቴ ልጅ አጥታ ብዙ አልቅሳለች። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ተመላልሳ፣ ተስላ፣ በሐምሌ መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አራስ ሆና የተኛችው እኛ ቤት ነው። አክስታችን ለጥየቃ መጥተው ሎሚን ሲያዩ ተቆጡ። «አራስ ቤት ወፍ? በሽታ ልታመጡባት ነው? ለሰው ስጧት፣ ካልሆነም ጣሏት!» አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አልተከራከርኩም። ሎሚን በረንዳ ላይ አደረግኳት፤ ማታ ማታ በብርድ ልብስ እየሸፈንኩ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ ግቢው ነጭ ሆነ። መብራትም ጠፋ። እማዬ ከቅዳሴ ነጠላዋ ርሶ ስትገባ በረንዳው ላይ ቆም አለች። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየቻትና «ልጄ፣ ይቺን ፍጥረትማ ብርዱ ይገድላታል። አስገቢያት፣ ጓዳ ከእናንተ ጋር ትደር» አለችኝ። ይህን ስትል አክስቴ ሰምተው ቢሆን ቤቱ ይታመስ ነበር። እኔ አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ናት ያለችው።

ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ እማዬ ማንደጃውን አራሷ ወዳለችበት ክፍል አስገባችው። ከሰሉ ቀልቷል፤ ጭስ የሚባል የለም። «ፍም ብቻ ነው የቀረው» አለች። ጭሱ ከወጣለት አይጎዳም የሚለውን እኛ ሰፈር የማያምን የለም። አመድ ለበስ ተደረገለት። አራስን ብርድ እንዳይመታት የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል፤ በሩም ተዘጋ።

ከመተኛታችን በፊት እማዬ እንደ ልማዷ ጸለየች። ጸሎቷን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ከሚታየውም ከማይታየውም ጠላት ሰውረን፤ ቤታችንን በመላእክትህ ጠብቅ» ትላለች። ያን ማታ ግን አንድ ነገር ጨመረች። እጇን ሕፃኗ ላይ ዘርግታ «ይቺን እንግዳህን አንተ ጠብቅልን፤ እኛ እንተኛለን፣ አንተ አትተኛም» አለች። አሜን ብለን እሷ ሳሎን ተኛች። እኔ ከእህቴ አልጋ ሥር ፍራሽ ዘርግቼ ጋደም አልኩ።

ስንት ሰዓት እንደተኛሁ አላውቅም። የነቃሁት በቆርቆሮ ድምፅ ነው። ሎሚ ሌሊት ድምፅ አታሰማም። አሁን ግን ቆርቆሮውን በክንፏ ትደበድባለች፤ ይንኳኳል፣ ይንኳኳል። ከዚያ ዱብ! ከቤቷ ወለል ላይ ወደቀች። አንዴ ሲጥ አለችና ዝም። ድመት መስሎኝ ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴን ለሁለት ሊከፍለው የደረሰ ሕመም ይሰማኛል፤ ሆዴን ያቅለሸልሸኛል። እህቴን ጠራኋት። አትመልስም። እየዳህኩ በሩ ጋ ደረስኩ። መቀርቀሪያውን እንዴት እንደከፈትኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲመታኝ ጮህኩ።

እማዬ «ኡኡ!» እያለች መጣች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሕፃኗን አንሥተው በረንዳ ላይ አወጧት፤ ሰውነቷ ዝልፍልፍ ብሎ ነበር። እህቴን በብርድ ልብስ አወጧት። አንድ ጎረቤታችን በመኪናው ይዞን ከነፈ። መንገድ ላይ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ልጅቷ ቀጭን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እማዬ መኪናው ውስጥ እልል አለች። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደረገልን፤ እህቴም ሊነጋጋ ሲል ዓይኗን ገልጣ «ልጄስ?» አለች። አንዲት ነርስ በክረምት በከሰል ምክንያት የሚመጣው ብዙ እንደሆነ ነገረችን። «ማን ነቅቶ ነው ያወጣችሁ?» ስትለኝ «ወፌ» አልኳት። ራሴን የሳትኩ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ቤት ስንመለስ ሎሚ ቆጧ ላይ ነበረች። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ የጎረቤታችን ልጅ፣ ተማሪዬ ነው፣ ቤቷን በረንዳ ላይ አውጥቶት ነበር። ንጹሑ አየር አተረፋት። ለጥቂት ቀናት ስትቆም ትንገዳገድ ነበር፤ ከዚያ ደህና ሆነች።

በኋላ ስለ ነገሩ አነበብኩ። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የቀላ ፍም፣ አመድ የለበሰም ቢሆን፣ ያወጣዋል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል፤ ብርድ የመታው መስሎት ይተኛል። ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ሳይንቲስት የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ትናንሽ ወፎችን ይዘው እንዲወርዱ መክሮ ነበር፤ ወፏ ስትወድቅ እነሱ ይወጣሉ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ አሠራር እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ቆይቷል።

ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ወዳጆቼ «በቃ፣ ተፈጥሮዋ ነው፤ አጋጣሚ ነው» ይሉኛል። ተፈጥሮዋ መሆኑን አልክድም። ለምን ከእኛ ቀድማ እንደወደቀች መጽሐፉ ነግሮኛል። ግን ያ በረዶ ባይወርድ ሎሚ በረንዳ ላይ ታድር ነበር። እናቴ ባትራራላት በረንዳ ላይ ታድር ነበር። አክስቴን ሰምቼ ለሰው ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚጽፍ አይኖርም ነበር። እናቴ ከማይታይ ጠላት ሰውረን ብላ ለመነች፤ የማይታየውም እዚያው አጠገባችን፣ ማንደጃው ላይ ነበር። ጌታችን በወንጌል ያለ አባታችሁ ፈቃድ አንዲት ድንቢጥ እንኳ በምድር ላይ አትወድቅም ብሏል። የሎሚ መውደቅ ለእኛ መነሣት ሆነ። እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ማንም አያስጥለኝም።

አሁን አደይ አበባው አልፎ ጽጌው እየተገባደደ ነው። ግቢያችን ጀርባ ያለው ሾላ አፍርቷል። የዱር በቀቀኖች ጠዋት ጠዋት በቡድን ይመጣሉ፤ ሎሚ ከበረንዳ ትጠራቸዋለች፣ እነሱም ይመልሱላታል። አንዱ ቀይ ግንባር ደፍሮ የሽቦ ቤቷ ላይ አርፎ ያውቃል። አክስታችን ሲመጡ በነጠላቸው ጫፍ ሱፍ ቋጥረው ነው። በሠፈራችንም እማዬ ያልነገረችው ቤት የለም፤ ቡና የተፈላበት ማንደጃ ማታ ደጅ ወጥቶ ውኃ ሲደረግበት አያለሁ።

እህቴ በዚህ ሳምንት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። «ሎሚን ስጪኝ፣ ለልጄ ጠባቂ ትሁናት» ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኳት፤ ዘመዶቿ የሚመጡት እዚህ ሾላ ላይ ነው፣ ከእነሱ አልለያትም። በምትኩ ውጭ ያለች ዘመዳችን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ልካላታለች፤ ባሏ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። እማዬ ደግሞ እሱን በኪዳነ ምሕረት ስም አስምላዋለች፦ ከሰል የተያያዘበት ማንደጃ የዚያን ቤት ደፍ አያልፍም። ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይሁን፤ አሜን።