የጉማራ ሽንኩርት በየስንት ቀኑ ይጠጣ?

ባለፈው ሴሚስተር የመስኖ ምህንድስና ስንማር መምህራችን የሰጠን ፕሮጀክት አንድ መስመር ብቻ ነበር። «አንድ እውነተኛ ማሳ ምረጡ። ምን ያህል ውሃ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚፈልግ አስልታችሁ አምጡ።» በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ሦስት ሆነን ሠራነው። የአንዷ ጓደኛችን አጎት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር አንድ ጥማድ ቀይ ሽንኩርት አላቸው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። በክረምት ሩዝ ይዘሩበታል፤ ሩዙ ሲነሳ ሽንኩርት ይተክሉበታል። እኛም እንደ ቤተሰቡ «አያ» ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከባሕር ዳር ሳንነሳ ስሌቱን ጨርሰነው ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው መመሪያ አለ፤ በየአገሩ ያለ የመስኖ ተማሪ ሁሉ እሱን ይዞ ነው የሚያድረው። ፔንማን-ሞንቲዝ የሚባለው ቀመር እዚያ ውስጥ ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ንፋስና ፀሐይ ታስገባለህ፤ መሬቱና ተክሉ በቀን ስንት ሚሊሜትር ውሃ ወደ አየር እንደሚሰጡ ያወጣልሃል። ከፍታም ይጠይቃል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 82 ይወርዳል። ስንቱን ዓመት የኖርኩበትን አየር ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ሳየው ደስ አለኝ።

ለየካቲት ወር በቀን 4.5 ሚሊሜትር አገኘን። ሽንኩርት ሲጠነክር ትንሽ ጨምሮ ስለሚጠጣ በ1.05 አባዛነው፤ 4.7 ሆነ። ሥሩ 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል አልን። አፈሩ በአንድ ሜትር ጥልቀት ተክል ሊመጠው የሚችል 160 ሚሊሜትር ውሃ ይይዛል ብለን ወሰድን። ስለዚህ ሥሩ ባለበት 64 ሚሊሜትር አለ ማለት ነው። ሽንኩርት ግን ጥም አይችልም። ከዚያ ውስጥ 30 በመቶው፣ ማለትም 19 ሚሊሜትር ያህሉ ሲያልቅ መጎዳት ይጀምራል። 19ን ለ4.7 ስናካፍል አራት ቀን። መልሱ «በየአራት ቀኑ» ነው። ንጹሕ ሥራ። ማሳው ላይ የምንሄደው ፎቶ ለማንሳት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ደርሰን ትልሙ መሃል ስንገባ አመልካች ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል። ውሃ እንዴት እንደሚሰርግ ለመለካት ሁለት የብረት ቀለበት ይዘን ሄደን ነበር። ትንሹ 30፣ ትልቁ 60 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ሁለቱም አፈር ላይ ተመትተው ውሃ ይሞላሉ። የውጪው ቀለበት ውሃ፣ የውስጡ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይጠብቀዋል፤ የምንለካው የውስጡን ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃው በዓይናችን እያየነው ጠፋ። በስንጥቁ ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ሲዘጋው ውሃው ቆመ ማለት ይቻላል። በሠንጠረዥ ሳነበው ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር። እዚያ ተንበርክኬ ሳየው ግን ገባኝ። ይሄ ማሳ ተሰንጥቆ ከቆየ በኋላ ውሃ ሲለቀቅበት፣ የመጀመሪያው ውሃ ሽንኩርቱን አያገኘውም። ከሥሩ በታች ያልፋል።

ቀጥለን ውሃውን ራሱን ለካን። ከወንዙ ውሃ የሚስበው ሞተር ቱቦ አፍ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን በአራት ሰከንድ ይሞላል። በሰከንድ 5 ሊትር። ከዚያ ውሃው በአፈር ቦይ 180 ሜትር ሄዶ ነው ማሳው የሚደርሰው። ማሳው አናት ላይ መሃሉ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ የውሃ መለኪያ ሳህን ተከልን። ከቪው የታችኛው ጫፍ በላይ የነበረው የውሃ ከፍታ 8.6 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ ይህ በሰከንድ 3 ሊትር ነው። ቤንዚን ተከፍሎበት ከወጣው አምስት ሊትር ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል። አያ ዝም ብለው ሳህኑን ቆመው አዩት። ቆይተው «ሁለቱ የት ሄደ?» አሉ። እኔም እሱኑ እየጠየቅሁ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ «በየአራት ቀኑ ያጠጡ» የሚለውን መልሳችንን ነገርናቸው። አያ አልተቃወሙም። «ልጄ፣ ሞተሩ የሦስት ወንድማማች ነው» አሉኝ። «ሁለት ሁለት ቀን ነው የሚደርሰን። በስድስት ቀኔ አገኘዋለሁ።»

በስድስት ቀን 28 ሚሊሜትር ይሄዳል። ሽንኩርቱ የሚችለው 19 ነው። ስንጥቁ የመጣው ከዚህ ነው። ሰውየው ሽንኩርት ሲጠማ ሳይታያቸው ቀርቶ አይደለም፤ ከእኛ በፊት አይተውታል። የቸገራቸው ተራው ነው። እኛ ወረቀት ላይ ከደረደርናቸው ነገሮች ውስጥ ደግሞ ተራ የሚባል አልነበረም። ፈተና ላይም አይመጣም። ሞተሩ ሁልጊዜ ማሳው ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ይመስል ነው የምናሰላው።

መፍትሔው ከባለቤታቸው መጣ። እንጀራውን እያቀረቡልን «ታዲያ ለምን ሁለት ሁለት ቀን ይሆናል? አንድ አንድ ቀን አታደርጉትም?» አሉ። አያ ሞተሩን ከማሳ ማሳ ማዞር እንደሚከብድ ነገሩን። ሁለት ሰው በእንጨት አንጠልጥሎ ይሸከመዋል፣ ቱቦው ይጠቀለላል፣ ግማሽ ጠዋት ይበላል። በየቀኑ ይህን ከማድረግ ሁለት ቀን አስቀምጦ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል ብለው ነው የተስማሙት። ምክንያት ያለው ነገር ነው።

እዚያው ደብተር አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። አንድ አንድ ቀን ከሆነ ሞተሩ በሦስት ቀን ይመለሳል። በሦስት ቀን የሚሄደው 14 ሚሊሜትር ነው። በ2,500 ካሬ ሜትር ላይ 35,000 ሊትር። በሰከንድ 3 ሊትር ከገባ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ውሃው ትልሙ ላይ እኩል ስለማይደርስ አራት ሰዓት እንበለው።

«ከጠዋት እስከ ምሳ ማለት ነው» አሉ አያ። ከሰዓት ሞተሩን ለወንድማቸው ማድረስ ይችላሉ ማለት ነው። የቀመራችንን መልስ ወደ ሕይወት ያስገባው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ወንድማማቾቹ ማታውኑ ተነጋገሩ። ትልቁ ሸክሙን አልወደዱትም ነበር፤ ግን እስኪ እንየው አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ በዚያው ትልም ስንጥቁ ጥፍሬን ብቻ አስገባ። ምርቱን አልመዘንም፤ ሪፖርቱን ያስገባነው ሽንኩርቱ ሳይነቀል ነው። ስለዚህ ስለ ምርት ምንም አልልም። ሪፖርቱ ላይ «በየአራት ቀኑ» የሚለውን አወጣንና የሦስቱን ወንድማማቾች ተራ በሠንጠረዥ አስገባን። መምህራችን ከሁሉም ገጽ በላይ ያቺ ሠንጠረዥ ላይ ነበር ጥያቄ ያበዛብን።

ጉማራ በበጋ ይከሳል። በሁለቱም ዳር ሞተር ተደርድሯል። በስንጥቅና በቦይ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሊትር ከዚያ ከከሳ ወንዝ የተቀዳ ነው፤ ወንዙ ደግሞ መድረሻው ጣና ነው። ለዚህ ነው ያቺ የሁለት ሊትር ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችኝ። ቦዩ ሁሉ ያሰርጋል? ወይስ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሾልከው? አንድ ቦታ ከሆነ በጭቃ ተመርጎ ያልቃል። ሁሉም ከሆነ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል።

ሳህኑን ከላብራቶሪ አስፈቅጃለሁ። ቅዳሜ የአያ ተራ ነው። ከሞተሩ ጀምሬ በየ30 ሜትሩ እየተከልኩ እለካለሁ።