«ቀላል ነው ብለሽኝ የለ?»

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሲያትልና ከሲያትል በስተደቡብ ያሉ ከተሞች ውስጥ፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ኤጀንሲው የላከኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ። የሥራችን ደንብ አጭር ናት። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም፣ መለወጥ የለም።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ከደንቧ ዝንፍ አላልኩም። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ።

ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። አሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ረቡዕ ማታ ልምምድ ላይ ከጓደኛው ጋር ሄልሜት ለሄልሜት ተላተሙ። ወዲያው ተነሣ። ራሱን አልሳተም። ቀጣዩ ጨዋታ ሲጠራ ግን የቆመው የእሱ ያልሆነ ቦታ ላይ ነበር። ትሬነሯ፣ ማለትም የተጫዋቾችን ጉዳት የምትከታተለው የትምህርት ቤቱ ባለሙያ፣ ያየችው ያቺን ነው። ጠራችውና ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር እንደተጫወቱ ጠየቀችው። የነገራት ከሁለት ሳምንት በፊት የገጠሙትን ቡድን ነው። ሄልሜቱን ተቀብላ እሷው ጋ አስቀመጠችው። ትሬነሮች እንዲህ የሚያደርጉት ዓይናቸው ዘወር ሲል ልጁ ሾልኮ እንዳይገባ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ልጁን ማስወጣት የትሬነሯ ደግነት ብቻ አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሜፕል ቫሊ ውስጥ ዛካሪ ላይስቴት የሚባል የ13 ዓመት ልጅ በጨዋታ መሀል ጭንቅላቱን ተመታ። ትንሽ አርፎ እዚያው ጨዋታ ላይ ተመልሶ ገባ። ጨዋታው እንዳለቀ ወደቀ። በሄሊኮፕተር ተወስዶ አንጎሉ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የመጀመሪያዋን ቃል ለመናገር 9 ወር ፈጀበት። በ2009 በስሙ ሕግ ወጣ። ጭንቅላቱን ሳይጎዳ አልቀረም ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል። የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ካልፈቀደለትም አይመለስም። ወላጅና ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያስረዳ ወረቀት ፈርመው ያስገባሉ። እስከ 2014 ድረስ ሃምሳዎቹም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ።

ሐሙስ ጠዋት አባትየው ትምህርት ቤት መጡ። ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው ነው፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ራሴን አስተዋወቅሁ፣ ጋሼ አልኳቸው፣ እሳቸውም እህቴ አሉኝ። ትሬነሯ በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። ልጅዎ «ማይልድ ኮንከሽን» አለበት አለች።

ይህን ቃል የሚያስተረጉም ሰው ያውቀዋል። ለኮንከሽን አንጀት የሚያርስ አማርኛ የለንም። የተለመደው «የጭንቅላት መናወጥ» ነው። መናወጥ ደግሞ ለጆሯችን ባሕር ነው። ባሕር ይናወጣል፣ ከዚያ ይረጋል። «የአንጎል ጉዳት» ካልኩ በሌላ በኩል እናቶች ልጃቸው አእምሮው የተነካ ይመስላቸውና ይጮኻሉ። ደርሶብኛል። ስለዚህ እኔም እንደ ሁሉም ሰው መናወጥ እላለሁ። «ማይልድ»ስ? ማይልድ ቀላል ነው። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ይላል።

«ልጅዎ ቀላል የጭንቅላት መናወጥ አለበት» አልኩ።

ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። እውነት እላችኋለሁ፣ አየሁት። ከመጡ ጀምሮ ጆሯቸው ሥር የነበረው ትከሻ ዝቅ አለ።

«ቀላል ነው? ተመስገን አምላኬ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አስተረጎምኩ፣ ግን የሰሙኝ አይመስለኝም። ሄልሜት አድርጎ እንዴት ተጎዳ ብለው ጠየቁ። ትሬነሯ ጥሩ አድርጋ መለሰች። ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ያደርጋል፣ አንጎል ግን ውስጥ ይንቀሳቀሳል። እንቁላልን ብትንጡት ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ አስኳሉ ይፈርሳል አለች። ራሱን አልሳተም እኮ አሉ። እሷም ኮንከሽን ከደረሰባቸው ስፖርተኞች ራሳቸውን የሚስቱት ከአሥሩ አንዱ እንኳ አይሆኑም አለች። ፉትቦል የለም፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ የለም፣ ክብደት ማንሳት የለም አለች፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ። አባትየው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ያንን የመላተም ጨዋታ ድሮም አልወድለትም። በያት። ይቅርበት።»

አልኳት። ሳቀች። ከዚያ የአደጋ ምልክቶች ያሉበትን ወረቀት ሰጠቻቸው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከከበደውና አልነቃ ካለ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከተለቀ፣ ወደ ድንገተኛ ጥሪ፣ ወደ 911 ይደወል። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። አራት አጥፈው ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ፈረሙና ሄዱ። እኔም ሰዓቴን አስሞልቼ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ነዳሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለዚያው ልጅ እንደገና ተጠራሁ።

በዚህኛው ስብሰባ ክፍሉ ሞልቷል። ነርሷ፣ አማካሪው፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ ትሬነሯ። ልጁም አለ። የሹራቡን ቆብ ደፍቷል፣ ከቆቡ ሥር ግንባሩ ላይ የእናቱ ሻሽ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ የጣሪያው መብራት ስለሚያመው። አማካሪው አንድ ነገር ሲጠይቀው መልሱ ከመምጣቱ በፊት ረጅም ዝምታ ነበር። ግማሽ ገጽ ካነበበ ራሱን ይፈልጠዋል። ትምህርት ካቆመ ሳምንት አልፎታል።

የሆነው ይህ ነው። አባትየው እሑድ እሑድ ከሐበሻ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታሉ። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ተሰልፈዋል። ልጁን ቤት ውስጥ ከሚያዛጋ ብለው ይዘውት ሄዱ። አንድ ሰው ጎደለ። «አሥር ደቂቃ ብቻ ግባ» አሉት። ከኮርና የተሻገረች ኳስ መጣች፣ በቴስታ መታት። ከባድ ኳስም አልነበረችም። ጨዋታውን ጨረሰ። ማታ መኪና ውስጥ አስመለሰው። ቤት ደርሶም ደገመው። እናትየው ያቺን አራት የታጠፈች ወረቀት ከጃኬቱ ኪስ አግኝታ ልጇ እንዲያነብላት አደረገች። ድንገተኛ ክፍል የወሰዱት በዚያ ነው። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ሆነ። እሱም ሌላ ጣጣ አመጣ። ንጹሕ ሲባሉ ዳነ ብለው አሰቡ። ሲቲ ደም መፍሰስንና ስብራትን ያያል እንጂ ኮንከሽንን አያይም።

ትሬነሯ ድምጿ ደክሟል። ስፖርት እንዳይነካ ነግሬዎት ነበር አለች።

«ፉትቦል ነው ያለችኝ» አሉ አባትየው። «ኳስ አላለችኝም። በያት።»

በያት። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያወሩት። ለትሬነሯ የሚሉት ሁሉ በእኔ በኩል ነው፣ ብላኛለች፣ ጠይቂያት፣ በያት። ልብ በሉልኝ። ቀጥሎ ግን ከእሷ ዞረው እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉት።

«ቀላል ነው ብለሽኝ የለ?»

ብለሽኝ። ብላኝ አላሉም።

እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ። የተነገረውን በተነገረበት አፍ እመልሳለሁ። «ቀላል ነው ብለሽኝ ነበር» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። በእንግሊዝኛ «አንቺ» እና «እሷ» የሚለዩበት መንገድ አለ፣ ግን «ዩ» ብዬ ስናገር ፊቴ ወደ ትሬነሯ ነው። ቃሉ ጠረጴዛውን ተሻግሮ እሷ ላይ አረፈ።

ቀላች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አዎ፣ ብያለሁ» አለች። «ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከዚያ አስረዳች። ሐኪሞች የአንጎልን ጉዳት የሚመድቡት በ15 ነጥብ መለኪያ ነው። ዓይኑን ይከፍታል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ሲያዙት ይንቀሳቀሳል ወይ። 13 እና ከዚያ በላይ ያገኘ «ማይልድ» ይባላል። ኮማ ውስጥ አልገባም ማለት ነው እንጂ ቶሎ ይድናል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ሳይድን ሌላ ምት ከተጨመረ፣ በጣም አልፎ አልፎ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ልጅ ይሞታል፣ እግዚአብሔር አትርፎላችኋል አለች።

ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ መለስኩ። አባትየው ግን እሷን አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት።

እጄን አንሥቼ «አስተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች» አልኩ። ደንቡ ይፈቅዳል። ፉትቦል ለእኛ የሄልሜቱ ጨዋታ ስም ነው፣ ኳስ ሌላ ነው፣ አባትየው የታዘዙትን አፍርሰዋል ማለት አይቻልም ብዬ ለክፍሉ አስረዳሁ። ምክትሉ ማስታወሻ ያዘ። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ስለ «ቀላል»ም እዚያው ላይ መናገር እችል ነበር። ትከሻቸው ሲወርድ ያየሁት እኔ ነኝ። የዚያን ሐሙስ አቁሜ፣ ይህ ቃል በአማርኛ ግድ የለም ማለት ነውና በሌላ አነጋገር ይንገሩልኝ ማለት እችል ነበር። ይህንን ግን አላልኩም። አፌ ደረቀ። ትሬነሯ ይቅርታውን ወስዳልኛለች፣ እኔም ዝም አልኩ።

አባትየው አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። «እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት። እኔ ነኝ የጎዳሁት?»

ጠየቅኋት። የትኛው ምት ምን እንዳደረገ ማንም ሊለየው አይችልም አለች። ልጁ መነጽሩን ሳያወልቅ እጁን አባቱ ጉልበት ላይ አሳረፈ።

ልጁ ተሽሎታል። ጊዜ ወሰደ እንጂ። መጀመሪያ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ማንም የማይነካው ልምምድ፣ እያለ እያለ ስድስቱን ደረጃዎች ወጣ። እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ነው፣ ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ ነው። እስኪጨርስ የፉትቦሉ ወቅት አልቋል።

እኔ አሁን ቀጠሮ ላይ አምስት ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ። ሐኪም ይሁን ትሬነር፣ «ማይልድ» ሊሉ ከሆነ በአማርኛ የሚሰጠውን ትርጉም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ምን እንደሚሆን፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ምን እንደማይደረግ ይናገሩ። ፉትቦል ሲሉም ኳስስ? ብዬ አስጠይቃለሁ። ብዙ ወላጅ አያውቅም እንጂ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2015 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ቴስታን ከልክሏል። ከ11 እስከ 13 ላሉትም ልምምድ ላይ ገድቦታል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ከድንበር እያለፍሽ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ባለፈው ነሐሴ የወላጆች ስብሰባ ነበር፣ ወረቀቱ የሚፈረምበት። ትሬነሯ አማርኛውን ለማዘጋጀት እኔን አስጠራችኝ። ወንበር እያስተካከልን ሳለ ስለዚያ አባት አነሣች። «ፊት ለፊት ነገሩኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም» አለች። በጣም እንደምታከብራቸውም ነገረችኝ።

አዎ አልኩ። ወረቀቶቹን በየወንበሩ ማስቀመጥ ቀጠልኩ። ያቺ «ሽ» የማን እንደነበረች እስካሁን አልነገርኳትም።